ከአዲስ አበባ አምስት በሮች

አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በአንዲት እመቤት የቤት ቦታ ምርጫ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከትመው ሳሉ፣ እቴጌ ጣይቱ ፍል ውኃው ወዳለበት ወደ ፊንፊኔ ሜዳ እየወረዱ ይሰነብቱ ነበርና የአየሩን ልስላሴ ወድደው ለቤት መሥሪያ የሚሆን ቦታ ጠየቁ፤ በ1879 ዓ.ም. ስሙን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱና ሠራዊቱም ተከትሎ ወረደ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ የማገዶ እንጨት በማለቁ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ፈጥኖ በመብቀሉ ከተማው ባለበት ጸና። እንግዲህ አየር፣ ውኃ፣ ማገዶና መንገድ የቤት ቦታ መመርመሪያ ከሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል ማለት ነው። ማገዶው ወደ ኤሌክትሪክ ተለወጠ እንጂ የቀሩት ሦስቱ ዛሬም እነዚያው ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ተጨምሮባቸዋል፤ እርሱም ሰዓት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ባልደረባችን ነው። እርሱ መምህር፣ ባለቤቱ በአራት ኪሎ አጠገብ በሚገኝ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስትሆን፣ ሦስት ልጆች አሏቸው። ዐሥራ አራት ዓመት በቀበና በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ኖረው፣ ከደመወዝና ከዕቁብ ያጠራቀሙት ገንዘብ በመጨረሻው ለአንድ ነገር የሚበቃ ሆነ፤ ይኸውም ወይ ከከተማው ወጣ ብሎ ጓሮ ያለው አነስተኛ ቤት፣ ወይ በከተማው ጫፍ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ባል ጓሮውን ይመኛል፤ ጌሾ ሊተክል፣ ሁለት በግ ሊያስር፣ ልጆቹን በሣር ላይ ሊያስሮጥ። ሚስት ሐሳቧን ገና አልገለጠችም። «ጋሼ፣ ወረቀት መመርመር እርስዎ ያውቁበታልና አብረውን ይውጡ» ቢሉን እሺ አልን። አንድ ቃል ግን አስገባናቸው፤ ማናቸውንም ሠፈር በእሑድ እንዳናይ። ደላላው «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንሂድ» እያለ ደጋግሞ ነግሮናል። በእሑድ መንገድ ሁሉ አጭር፣ ሠፈር ሁሉ ጸጥተኛ ነው፤ ሠራተኛ ግን ወደ ሥራ የሚሄደው በሰኞ ነው። ስለዚህ ጭቃውን በሐምሌ፣ ሰልፉን በጥቅምት አየን።

በሰሜኑ በር ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ትከሻ ተወጥቶ የጎጃምን መንገድ በመከተል ሱሉልታ ይደረሳል። ከአዲስ አበባ ከፍ ያለ ሰፊ ሜዳ ነው። በሐምሌ ስንደርስ ከሜዳው ግማሹ ውኃ ተኝቶበት፣ ላሞቹም በውኃው ውስጥ ቆመው ሲግጡ አገኘናቸው። ለዓይን ያማረ ነው፤ ውኃ የሚተኛበት መሬት በቤት መሠረት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን በዚያው ያሉት ግድግዳዎች ይናገራሉ። አንዲት ባለ ሱቅ ቆመን ብንጠይቃት፣ በክረምት ጉሙ እስከ ጧቱ 3 ሰዓት እንደማይገለጥ፣ የታጠበ ልብስም በሁለተኛው ቀን እንደሚደርቅ ነገረችን። የባልደረባችን ትንሿ ልጅ ደረቷን የሚያፍናት ስለ ሆነች እናቲቱ ከዚያ በኋላ ስለ ሱሉልታ አልጠየቀችም። ደግሞም ወደ ከተማው የሚያስገባው ይህ ዳገት ነውና፣ አንድ የጭነት መኪና መካከል ላይ የተበላሸ እንደ ሆነ ከኋላው ያለው ሕዝብ ሁሉ ይታገታል።

በምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ ቡራዩ አለ። ከአምስቱ ሁሉ ለከተማው የሚቀርበው ይኸው ነው፤ ስለ ቀረበም ቀድሞ ሞልቷል። ጥቂት እልፍ ሲሉ የገፈርሳ ግድብ ይገኛል። አዲስ አበባ ከዚህ ከገፈርሳና በምሥራቅ ካለው ከለገዳዲ ግድብ ውኃ ትጠጣለች፤ እኛ በሄድንባቸው ቀኖች ግን በሁለቱም አቅራቢያ ባሉት ሠፈሮች ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ተራ ሲጠብቅ አይተናል። (ለገዳዲ በኦሮምኛ የጠጅ ወንዝ እንደ ማለት ነው፤ ጠጁ ቢቀር ውኃው በተገኘ!) ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ቧንቧውን ማየት አይበቃውም። ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በቀን ይሁን በሌሊት፣ ከሻጩ ሳይሆን ከጎረቤቱ ይጠይቅ። በግቢው ውስጥ የቆመው ሮቶ ትልቅነትም የመልሱን ግማሽ ይነግረዋል።

ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በአየር ጤናና በዓለም ገና በኩል የጅማን መንገድ ይዞ፣ በወጨጫ ተራራ ግርጌ ያለ ነው። ምእመናን በጌቴሴማኒ ቤተ ደናግል ገዳም፣ የትምህርት ሰዎች ደግሞ ዓይነ ስውራን በሚማሩበት ትምህርት ቤቱ ያውቁታል። አየሩ መልካም ነው፤ ፋብሪካው ግን በዝቶበታልና ቤት የሚገዛ ሰው ወንዙ ከየት ወዴት እንደሚወርድ፣ ነፋሱም ማታ ከየት እንደሚነፍስ አይቶ ይግዛ። «ባቡርም አለ» ሲል ደላላው ሐዲዱን በጣቱ አሳየን። እውነቱን ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ከሰበታ ይነሣል፤ የሚደርሰው ግን ጂቡቲ ነው። ለረጅም መንገድና ለጭነት የተሠራ ነው እንጂ ጸሐፊን ጧት አራት ኪሎ አድርሶ ማታ ለመመለስ አይደለም።

ልባችን የቀረው በደቡብ ምሥራቁ በር ነው። ከቃሊቲ ተነሥቶ ገላንን፣ ዱከምን እያለፈ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ ይደረሳል፤ ሽማግሎች ዛሬም ደብረ ዘይት ይሉታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ነውና፣ ካፖርት አውልቆ መቀመጥ ይቻላል። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ የሚባሉት ሐይቆች በከተማው ዙሪያ ተሠትረዋል፤ ሰማዩ ሲጠራ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት የዝቋላ ተራራ ከደቡብ ብቅ ይላል። ልጆቹ በሐይቁ ዳር ሲሮጡ አባታቸው ዝም ብሎ ቆሞ አያቸው፤ ምን እንደሚያስብ ሳንጠይቀው ዐወቅን። ይሁን እንጂ ከገላን እስከ ቢሾፍቱ ድረስ በብዙ ቦታ መሬቱ መረሬ ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት አብጦ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ እስከ ጠንካራው መሬት ካልተቆፈረ ግድግዳውን አብሮ ይሰነጥቀዋል። በሐምሌ በቀለም ተሸፍኖ ያየነው ስንጥቅ በጥቅምት ተከፍቶ ጠበቀን። መንገዱንም በሚመለከት፣ የአዳማ ፈጣን መንገድ ከቱሉ ዲምቱ ጀምሮ በእርግጥ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን የሚያስከፍል ነው፣ መኪናም ይጠይቃል። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ውስጥ ያለው ደግሞ ፈጣን መንገድ አይደለም። ቢሾፍቱ ጡረታ ለወጣ ሰው ወይም በዚያው ሥራ ላለው ሰው የተሰናዳ ቦታ ነው። እኛም ለራሳችን ጊዜ በልባችን አስቀምጠነዋል።

የቀረው የምሥራቁ በር ነው፤ በደሴ መንገድ፣ ከመገናኛ በካራ በኩል ወደ ለገጣፎ። ባልደረባችን ቤቱን ያገኘው በዚህ ነው። ሦስት ክፍል፣ የኮባና የኮክ ዛፍ ያለበት ጓሮ፣ ዋጋውም በእጁ ካለው ገንዘብ እምብዛም የማይበልጥ። ሻጩም ደግ ሰው ነበር፤ ቡና አፍልቶ ተቀበለን። «ወረቀቱን ያሳዩን» ስንል ግን ያመጣልን ከአንድ ገበሬ ጋር በሦስት ምስክር ፊት የተፈራረመው የእጅ ጽሑፍ ነበር።

በዚህ ነገር ላይ ጥቂት ልንቆይ እንወዳለን። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ አጽንቶታል። እንግዲህ ቤት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ዘመኑን 99 ዓመት አድርጎ ደንግጓል። ይህን መብት የሚያስረዳው ካርታ የሚባለው የይዞታ ማረጋገጫ ነው። ከገበሬ በውል የተገዛ፣ በሌሊት ቆርቆሮ የለበሰ ቤት፣ ሕዝቡ የጨረቃ ቤት የሚለው፣ ሃያ ዓመት ቢኖሩበትና መብራት ቢገባለትም ያው የጨረቃ ነው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ቡራዩን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲን፣ ሰበታንና ገላንን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉትን ከተሞች ሸገር ከተማ ብሎ በአንድነት ሲያደራጅ፣ ሕጋዊ አይደሉም የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ በውስጣቸው ልጆች ተወልደውባቸው ያደጉ ቤቶች ነበሩ።

ስለዚህ አንደኛ፣ ቦታው በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደ ሆነ ይታወቅ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን ሲለይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዛወሩ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች አሉና፣ የጎረቤት ወሬ ማስረጃ አይሆንም። በኦሮሚያ በኩል የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው፤ ሰነዱም በዚያ ይጻፋል። የማያውቀው ሰው በሚያምነው ዐዋቂ አስነብቦ እንጂ በደላላው ትርጓሜ አይፈርም። ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስተምርም ከወዲሁ ይጠይቅ፤ ኦሮምኛ መማር ደግሞ ለልጆቹም ለወላጆቹም ትርፍ ነው እንጂ ጉዳት የለውም። ሁለተኛ፣ ካርታው በሻጩ እጅ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ በመሬት መሥሪያ ቤቱ ካለው ፋይል ጋር ይመሳከር፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበትም ይጣራ። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። ቀብድ የሚከፈለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ደላላው ግን ሁልጊዜ «ሌላ ገዢ መጥቷል» ይላል።

የቡናውን ደግ ሰው አመስግነን ወጣን። በዚያው ሠፈር ካርታ ያለው ሌላ ቤት ተገኘ፤ ጓሮው ጠበብ ያለ፣ ዋጋው ከፍ ያለ፣ በብድር ግን የሚደረስበት ነው። ባልደረባችን ሊጨርስ ፈለገ። በዚህ ጊዜ ሚስቱ «መጀመሪያ አንድ ሰኞ ከዚህ ተነሥተን ሥራ እንግባ» አለች።

በጥቅምት አንድ ሰኞ ከቤቱ ደጃፍ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሣን። ሰልፍ ይዘን ሚኒባስ አገኘን፤ ከመገናኛ ወርደን እንደ ገና ተሰለፍን፤ አራት ኪሎ ስንደርስ ሰዓቱ ከጧቱ 1 ሰዓት ከ20 ነበር። ማታ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥተን በዝናም ምክንያት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ40 ደረስን። ይህም በቀን 4 ሰዓት ነው። እርሷ በማስታወሻ ደብተሯ አሰላችው። በሳምንት 20 ሰዓት፣ በዓመት 48 የሥራ ሳምንት ቢቈጠር 960 ሰዓት፤ በ24 ሲካፈል 40 ቀንና 40 ሌሊት። ድቁና ተምረናልና ይህ ቍጥር ሲነገር ደንገጥ አልን። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ የጾመውን ያህል ቀን በየዓመቱ በሚኒባስ ውስጥ ማለት ነው። «ልጆቹ ጧት ስንወጣ ተኝተዋል፤ ማታ ስንገባ ሊተኙ ነው። ጓሮውን ታዲያ ማን ይቀመጥበታል?» አለች። ባል አልመለሰም። ከዚያ ቀደም የሕልሙን ዋጋ በብር ብቻ ቈጥሮት ነበርና።

ከከተማው ጫፍ ያለው ኮንዶሚኒየም በአያት ነው። ከአያት ተነሥቶ በመገናኛ አድርጎ እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ከቃሊቲው መሥመር ጋር በጠቅላላው 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በኋላ በመለዋወጫ እጥረት ባቡሮች እየቆሙ ጣቢያው በሰው የታጨቀባቸው ጊዜያት አሉና የማይታማ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ሐዲዱ የራሱ መንገድ ስላለው የመኪና መጨናነቅ አይነካውም። በሌላ ሰኞ ብንለካው፣ ከደጃፍ እስከ አራት ኪሎ የእግሩንና የታክሲውን ጨምሮ 1 ሰዓት ሆነ። አርባው ቀን ወደ ሃያ ወረደ።

አንድ ነገር ግን ሁለቱንም ከበዳቸው፤ እርሱም ዕድር ነው። በቀበና የዐሥራ አራት ዓመት ዕድርና የጽዋ ማኅበር አላቸው። የእርሷ እናት ባረፉ ጊዜ ድንኳኑን የተከሉት፣ ሠልስቱን ያወጡት እነዚያ ሰዎች ናቸው። ወደ ዕድሩ ዳኛ ሄደን ብንጠይቅ፣ መዋጮውን እስከ ከፈሉና ለቀብር እስከ መጡ ድረስ ስማቸው አይፋቅም ተባለ፤ በአያት ሌላ ዕድር ቢገቡም አይከለከሉም። «ከለገጣፎ ግን በሌሊት ለቅሶ መድረስ ያስቸግራችሁ ነበር» አሉ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሻጩ ዕጣው ደርሶት ቤቱን ከተረከበ አምስት ዓመት ማለፉን፣ የባንኩ ዕዳም ምን ያህል እንደ ቀረው አጣራን፤ አምስት ዓመት ሳይሞላው የዕጣ ኮንዶሚኒየም መሸጥ አይፈቀድምና። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ባል ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥቶ ወረደ፤ በረንዳውን በእርምጃው ለካ፤ በሁለት ጣሳ ጌሾ ሊበቅል ይችል እንደ ሆነ ጠየቀን። በርበሬ የሚሰጣበትንም ሰገነት ሚስት አየች። ከዚያ በኋላ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የተሠራውን የጋራ ቤት ለማየት ወረድን። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ የሚያውቅ ሰው አላገኘንም። ባልደረባችን የፊታችን ሰኞ ተመልሶ ይጠይቃል።