ለደንገጎ ዳገት የሚሆን ሹራብ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

 

ሹራብ ልትሠሪልኝ መነሳትሽን እናትሽ ስትነግረኝ ከሙቀቱ የተነሳ በሽርጥና በካናቴራ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። አቦ፣ ለከዚራ ሰው ሹራብ! ብለን ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን ልክ ነሽ። አንቺ ዘንድ ሐረማያ ስመጣ፣ የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ ተሳፋሪው ሁሉ የመኪናውን መስኮት ይዘጋል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረማያ 2,000 ሜትር ግድም። ያ ዳገት ባቡሩንም አስቸግሯል፤ ሐረር ይገባል ተብሎ የታቀደው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ታች ደረሰ፣ ሐረርም ሳይወጣ ቀረ። ከዚራችን የተቆረቆረችው በዚህ ሰበብ ነው።

ኮሌታው በቁልፍ ይሁን ማለትሽን ለዚህ ወደድኩት። አንገቱ የተዘጋ ሹራብ ለደጋ ሰው ነው። እኔ ድሬ ላይ ከፍቼው እነሳለሁ፣ ደንገጎ ላይ እቆልፈዋለሁ።

ክሩ ጥጥ ይሁንልኝ። ብቻ ጥጥ እንደ ሱፍ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ሲለበስ በክብደቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ቁመቱን ትንሽ አሳጥሪው። አዲስ ክር ከተወደደብሽ ከልባሽ ጨርቅ መሐል የጥጥ ሹራብ ፈልገሽ ፍቺ። ከመግዛትሽ በፊት ግን ገልብጠሽ የጎኑን ስፌት እዪ። ጠርዙ ተቆርጦ በኦቨርሎክ የተመታ ከሆነ ተዪው፤ ስትፈቺው ክሩ ቁርጥራጭ ሆኖ ነው የሚወጣው።

አሁን የልብስ ሰፊ አባትሽን ስሚ። መጀመሪያ በምትመርጪው ጥለት ከመዳፍሽ ሰፋ ያለ ቁራጭ ሥሪ፤ እጠቢው፣ አድርቂው፣ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ያለውን ቀለበት ቁጠሪ። ሳይታጠብ የተቆጠረ ቁጥር ይዋሻል። 18 ከመጣልሽ እንዲህ አስቢ፦ ደረቴ 100 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለምቾት 10 ጨምሪ፣ ግማሹ፣ ማለትም ፊቱ፣ 55 ይሆናል፤ መርፌው ላይ 99 ቀለበት ትጭኛለሽ ማለት ነው። እጅሽ ላልቶ 17 ብቻ ቢሆንና አንቺ በ99 ብትቀጥዪ፣ ዙሪያው 6 ሴንቲ ሜትር ይሰፋና ለጎረቤት እንሰጠዋለን።

ለጥለቱ ፍሬ ፍሬ የሚመስለውን ምረጪ፤ አንድ ቀለበት በፊት፣ አንድ በጀርባ፣ በሚቀጥለው ረድፍ ደግሞ እያፈራረቅሽ። ቁጥርሽ ጎዶሎ ስለሆነ ሁሉም ረድፍ በአንድ ዓይነት ይጀምራል፤ ደክሞሽም አትስቺውም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ለስላሳው አሠራር ጠርዙ ይጠቀለላል፣ ፍሬ ፍሬው ግን ዝርግ ብሎ ይተኛል። ኮሌታውና ቁልፍ የሚያርፍበት ጠርዝ የሚያምረውም በዚህ ነው።

ደረቱን ከአንገት ወደ ታች 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፈቺው። የወንድ ልብስ ነውና ቀዳዳው በለባሹ ግራ በኩል ይሁን፣ ቁልፉ በቀኝ። ለቀዳዳው ሁለት ቀለበት ትዘጊና በተከታዩ ረድፍ ሁለት አዲስ ትጭኛለሽ። ሹራብ ስለሚለጠጥ ቀዳዳው ቁልፉን ጨነቅ አድርጎ የሚያሳልፍ ይሁን።

ፈተናሽ ሳያልቅ እጅጌውን እንዳትጀምሪ፣ እናቴ። እኔ ያለ ሹራብም እመጣለሁ። ሌሊት እየተነሳሽ መሥራትሽን ከሰማሁ ግን እቆጣለሁ፤ ቁጣዬን ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ እስከ ምሳ አይዘልቅም።

ቁልፎቹን ነገ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ እገዛለሁ፤ የእንጨት አገኝ እንደሆነ አያለሁ። እናትሽ ከምትልክልሽ በርበሬ ጋር ይደርሱሻል። እስኪደርሱሽ ድረስ ቀዳዳውን አትጀምሪ፣ በቁልፉ ልክ ነው የሚሠራው።

አባትሽ፣ ከዚራ