የስፖርት ክፍለ ጊዜ

ስለ ቀነኒሳ በቀለ ስናወራ ሁላችንም ከሜዳሊያው እንጀምራለን። እስቲ ዛሬ ከበቆጂ እንነሳ። ገና ተማሪ ሳለ ሩጫ ያሠለጠኑት አቶ ስንታየሁ እሸቱ፣ የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ደራርቱ ቱሉም በእሳቸው እጅ አልፋለች። ቀነኒሳ በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም አገር አቋራጭ የወጣቶችን ውድድር አሸነፈ። በ2002 ደብሊን ላይ የአዋቂዎችን አጭሩንም ረዥሙንም ወሰደ። በ2003 ፓሪስ ላይ በ10,000 ሜትር ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ቀደመ፤ ዕድሜው 21 ነበር።

ታዲያ እኛ እጩ መምህራን ነገ በዲምቱ ዙሪያ ስንመደብ፣ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ኳስ ወርውረንላቸው ጥላ ሥር ልንቀመጥ ነው? ተማሪው ሲሮጥ ካላየነው ማን ያይልናል? ሜዳ ባይኖር መንገድ አለ፤ ሰዓት ባይኖር ዓይን አለን። ሁሉም ቀነኒሳ አይሆንም፤ ግን ሁሉም መታየት ይገባዋል።