ከማንኩሳ እስከ ግሽ፦ የጥምቀት ሰሞን

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ አውቶቡስ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ሳይገባ ማንኩሳን ያቋርጣል። ተሳፋሪው ቀና ብሎ የቆርቆሮ ጣራውን፣ ባሕር ዛፉንና ከመንገዱ ዳር የተደረደረውን ጆንያ ያያል፤ መልሶ ያንቀላፋል። ይህ ሁሌም ይቆጨኛል። የበዛብህ አገር ተኝተው የሚያልፉት አይደለም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ትዳር የመሠረቱት ማንኩሳ ነው። በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠው ልጃቸው በዛብህ እየተማረ ዲማ የደረሰውም ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ሰው ሳይቀር የማንኩሳን ስም ያውቃል። ቦታዋን ረግጦ ያያት ግን ጥቂት ነው።

ማየት ለሚፈልግ ከጥር የተሻለ ወር የለም። ማንኩሳ ያለችበት ጃቢ ጠህናን ወረዳ በቆሎ፣ ጤፍ፣ ዳጉሳና በርበሬ የሚታፈስበት ምድር ነው። በጥር አዝመራው ተሰብስቦ ክምሩ በየደጁ ቆሟል፣ ዛላው ቀይ በርበሬ በየግቢው ተሰጥቷል፣ ነፋሱ ሲዞር እንግዳው ያስነጥሳል። ገበሬው እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ፣ ልቡ ላይ ዕረፍት ያለው በዚህ ሰሞን ነው። ሠርጉም ማኅበሩም የሚደራረበው ለዚህ ነው።

የከተማው ወጣት በበዓል ቀናት ድንኳን ጭኖ ተራራ የመውጣት ልማድ ይዟል፤ ደግ ልማድ ነው። እኔ የምለው ጎጃም ውስጥ በድንኳን ማደር አዲስ ነገር አይደለም ነው። ጥር 10 ቀን፣ በከተራ፣ ታቦቱ ከመንበሩ ወጥቶ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሎለት ያድራል፤ ሕዝቡም አብሮት ያድራል። ዕለቱ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል፤ ስንቁም ቆሎ፣ ዳቦ፣ ንፍሮ ነው። ሌሊቱን ካህናቱ በማኅሌት፣ ወጣቱ በጭፈራ ያነጉታል። የጎጃም ሊቅ ቅኔውን የሚዘርፈው እዚህ ነው፤ ሰሙን ብቻ የሰማ ዝም ይላል፣ ወርቁ የገባው ይነቀንቃል። ብርዱ ጋቢ ዘልቆ ይገባል፣ እሳቱ ዳር ቦታ ለማግኘት ግን የማንም ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ዩኔስኮ ጥምቀትን በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ የጃን ሜዳና የጎንደር ሥዕል ነበር ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የመጣው፤ የገጠሩ ከተራ ግን እንደነዚያ አይጨናነቅም፣ ለእንግዳም ይቀርባል።

ድንኳን ይዞ የመጣ ሰው ከታቦቱ ድንኳን ራቅ ብሎ፣ የደብሩን ሽማግሌዎች ጠይቆ ይትከል። «ቤት እያለ ሜዳ?» መባሉ አይቀርም። ቢቆጡም ለእንግዳ ክብር ብለው ነው፤ ቢያንስ ቡናውን ቤት ገብቶ መጠጣት ያስፈልጋል።

ይህ ሜዳ ሌላም ድንኳን አይቷል። በወረራው ዘመን ጣሊያን ቡሬና ማንኩሳ ላይ ምሽግ ነበረው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ የእንግሊዛዊው ዊንጌት ጌዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሲገፋ፣ በኮሎኔል ናታሌ የሚመራው ሠራዊት ቡሬን ለቆ በዚሁ መንገድ ወደ ደንበጫ አፈገፈገ። አፄ ኃይለ ሥላሴም ተከትለው በዚህ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አለፉ።

ወደ በዓሉ ስንመለስ፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ የሚካኤል ታቦት የሚገባበት። ከዚያ በኋላ ሰዉ ወደ ደጋው ይነሣል። ጥር 13 የአቡነ ዘርዐ ብሩክ በዓል በሰከላ፣ በግሽ ዓባይ ይከበራልና። ከቡሬ ወደ ጥሊሊ፣ ከጥሊሊ ወደ ምሥራቅ ጥርጊያውን ይዞ መውጣት ነው። ፍኖተ ሰላም አካባቢ 1,900 ሜትር ገደማ የነበረው ከፍታ ምንጩ ጋ ሲደርስ ከ2,700 ያልፋል። ማንጎና በርበሬው ይቀርና ገብስና ድንች ይመጣል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ግሽ ዓባይ እውነተኛ የተራራ ከተማ ናት።

ምንጩን ትልቅ ፏፏቴ አድርጎ የጠበቀ ይደነግጣል። ረግረግ መሬት ውስጥ ጸጥ ብሎ የሚወጣ ውኃ ነው፤ ግልገል ዓባይ ሆኖ ጣና የሚገባው እሱ ነው። ጻድቁ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ለእስር ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለወንዙ አደራ ሰጥተው፣ ከዓመታት በኋላ ሳይርሱ ተቀበሉ ይባላል። ምእመኑ ሳይበላ ይቀርባል፤ ጠበሉን በጀሪካን ቀድቶ ይመለሳል። የፈረንጅ መጻሕፍት ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. እዚህ መድረሳቸውን እንደ ግኝት ይጽፋሉ። ፓኤዝ ግን የመጣው ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ነው፤ መንገዱን የሚያውቁት አብረውት ነበሩ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ጦርነት ይህን ጉዞ ለብዙዎች ከልክሏል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች አልቀዋል። ሰው ሲሸኝ የሚኖር አገር እንግዳ ሲመጣበት ምን ያህል ደስ እንደሚለው ማሰብ አይከብድም። ያም ሆኖ ከመነሣት በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

መንገዱ ሲከፈት የመጀመሪያዋን ሌሊት ማንኩሳ ማደር፣ ለግሽ ወፍራም ብርድ ልብስ መያዝ፣ ከማንኩሳ ገበያ በርበሬ ገዝቶ መመለስ። ድንኳኑ የተተከለበት ሜዳ ደግሞ የመንደሩ ከብት ግጦሽ ነው፤ የተጣለ ላስቲክ የበላች ላም ትሞታለችና ከመነሣት በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ መልቀም ያስፈልጋል።