የሉል ቀለም በጅቡቲ ፀሐይ

ጅቡቲን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጐበኝ ሰው አስቀድሞ የሚናገረው ስለ ሙቀቷ ነው። ጥቂት ቀን ከሰነበተ በኋላ ግን የከተማዪቱ ልዩ ጠባይ ብርሃኗ መሆኑን ይረዳል። ጅቡቲ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፥ ወደ ባሕር በዘለቀ ምድር ላይ የተሠራች ስለ ሆነች፥ ብርሃን ከሰማይ ብቻ አይመጣባትም፤ ከውኃው፥ ከነጩ ግድግዳና ከአሸዋውም ተመልሶ ዓይንን ይመታል። በአዲስ አበባ ደመና ሥር ያለ እንከን የሚታይ ቀለም በዚህ ስፍራ ጕድለቱን ሊደብቅ አይችልም። ይህም ዕውቀት ለሠዓሊዎች ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስላችሁ። መኪናው ተጋጭቶበት ላሜራውን ያስጠገነና ቀለሙን ያስቀባ ሰው ከሠዓሊ ይልቅ ያውቀዋል።

ጅቡቲና መኪና የማይለያዩበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፈረንሳዮች ከተማዪቱን መቈርቈር የጀመሩት በ1888 ሲሆን፥ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሀገሪቱ በ1977 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፥ ቀድሞ የምኒልክ አደባባይ ይባል የነበረው ስፍራ የነፃነቱን ቀን ስም ይዞ የጁን 27 አደባባይ ተባለ። ከ1998 ወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከሞላ ጐደል በሙሉ በዚህ ወደብ በኩል ይተላለፋል። ከመርከብ የሚወርደው መኪና እጅግ ብዙ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የሚያልፉት በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ናቸው። ሞተሩ ቢለወጥም፥ ላሜራው ሲጐዳና ቀለሙ ሲፋቅ የሚያስከትለው ሥራ ያው ነው።

አሁን ወደምናገረው ነገር ልምጣ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የዝውውር ትእዛዝ ደርሶት ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ሲሰናዳ፥ ነጭ ቶዮታ መኪናውን ለአንዲት የከተማው መምህርት ለመሸጥ ተስማማ። ዋጋው ተቈርጦ፥ ቀብድ ተቀብሎ፥ ቀሪውን ገንዘብ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አስቦት ነበር። መኪናውን ሊያስረክብ አሥር ቀን ሲቀረው፥ በአምቡሊ መንገድ ዳር እንደ ቆመ አንድ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ የግራውን የኋላ በር ጨረፈው። በሰው ላይ የደረሰ ጕዳት አልነበረም፤ የላሜራውም ስርጕደት ከመዳፍ አይበልጥም ነበር።

በመጀመሪያ የወሰደበት ጋራዥ በበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈውን የቀለም ቍጥር አይቶ፥ በዚያው ቍጥር ቀለም በጥብጦ፥ በግማሽ ቀን ቀብቶ መለሰለት። በጥላው ውስጥ ሲታይ እንከን አልነበረውም። ወደ ፀሐይ ሲወጣ ግን ያ በር ከጎረቤቶቹ ተለይቶ እንደ አሮጌ ወረቀት ቢጫ መስሎ ታየ። ባልደረባዬ እጅግ አዘነ፤ ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ቀለሙ እንዴት ሁለት ሊሆን እንደ ቻለም አልገባውም።

ምስጢሩን ለመረዳት ቀለሙ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቍጥሩ 070 ነበር። ቶዮታ 040 ብሎ የሚጠራው ተራ ነጭ ሲሆን፥ 070 ግን በጋራዥ ቋንቋ «ፐርል» የሚባለው፥ የሉል መልክ ያለው ነጭ ነው። ሉል ለቀይ ባሕር ሰዎች እንግዳ ነገር አይደለም። በዳህላክ ደሴቶች ጠላቂዎች ከጥንት ጀምሮ ሉል ያወጡ ነበር፤ በጅቡቲም ኑሮውን የመሠረተው ፈረንሳዊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ የሉል ንግድ ተካፋይ ነበር። ኋላ ጃፓኖች ዛጐልን አርብተው ሉል ማውጣት ስለ ቻሉ የጠላቂዎቹ ገበያ ተዳከመ። ዛሬ ደግሞ በዚያው ባሕር ላይ ከጃፓን የሚመጣው መኪና የሉልን መልክ ለብሶ ማለፉ የሚያስገርም ነገር ነው።

የሰው ልጅ ይህን ብልጭታ በእጁ ለመሥራት ብዙ ደክሟል። በ17ኛው መቶ ዓመት በፓሪስ አንድ መቍጠሪያ ሠሪ ከዓሣ ቅርፊት የሉል መልክ ያለው ፈሳሽ አውጥቶ በመስተዋት ዶቃ ውስጥ ይቀባ ነበር። ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን ሚካ የተባለውን ማዕድን እንደ ስስ ቅርፊት አድቅቆ በቲታንየም ዳይኦክሳይድ መሸፈን ተለመደ። ነጩን ብልጭታ የሚሰጠው ሽፋን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥር ሺሕኛ እጅ ያንሳል። ከብርሃኑ ገሚሱ ከሽፋኑ ላይ፥ ገሚሱ ከሥሩ ተመልሶ ሁለቱ ሲገናኙ፥ አንዱ ኅብር ይጐላል፥ ሌላው ይደበዝዛል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ብርሃንን በባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት ከፍለው ያሳዩን ነበር። የሉል ቀለም ጠባይ ግን ይበልጥ የሚቀርበው በወደብ ውኃ ላይ ለሚንሳፈፍ ዘይት ነው፤ ተመልካቹ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ባለ ቍጥር ኅብሩ ይለወጣል።

እንግዲህ ይህ ቀለም በአንድ ጊዜ የሚቀባ አይደለም። ከሥር ተራ ነጭ ይቀባል፤ በላዩ ሚካው ያለበት ብርሃን የሚያሳልፍ ድርብ ይነፋል፤ በመጨረሻም እንደ መስተዋት የጠራው ቬርኒሽ ይደረብበታል። መካከለኛው ድርብ አንድ ጊዜ ሲነፋ ሌላ፥ ሁለት ጊዜ ሲነፋም ሌላ መልክ ይሰጣል። ቍጥሩ የቀለሙን ቅመም ይነግራል እንጂ የሠራተኛውን እጅ አይነግርም። የመጀመሪያው ጋራዥ የሳተውም በዚህ ላይ ነበር፤ ቅመሙ ትክክል ሆኖ ሳለ ድርቡ በዛ።

ባልደረባዬ ሰዎች ጠቍመውት ወደ ሌላ ቀለም ቀቢ ዘንድ ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርሁ። እኒህ ሰው በድሬ ዳዋ ተወልደው በጅቡቲ ያረጁ ሽማግሌ ናቸው። በጋራዣቸው ውስጥ አማርኛ፥ ሶማልኛና ፈረንሳይኛ ባንድነት ይነገራል። አማርኛ የምትማሩ አንባብያን የጋራዥን ቃላት ብታጠኑ የታሪክ ትምህርትም ታገኛላችሁ፤ ላሜራ፥ ኮፈን፥ ፓራፋንጎና ስቱኮ ሁሉም ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው። ላሜራ የመኪናው አካል የተሠራበት ስስ ብረት ነው፤ ኮፈን የሞተሩ ክዳን ነው፤ ፓራፋንጎ ከጎማው በላይ ያለው ጭቃ መከላከያ ነው፤ ስቱኮም ስርጕደትን የሚሞሉበት ልስን ነው። እኔ በትግርኛ ያደግሁት ሰው እነዚህን ቃላት ስሰማ በቤቴ ያለሁ ያህል ሆኖ ተሰማኝ።

ሽማግሌው በሩን በመዳፋቸው ዳስሰው ባልደረባዬን እንዲህ አሉት፤ «ልጄ፥ ቍጥሩ የቤቱን ደጃፍ ያሳይሃል እንጂ ወደ ውስጥ አያስገባህም። ፀሐይዋን ሳንጠይቅ ምንም አንቀባም።»

«ጋሼ፥ ነገ ሊደርስልኝ አይችልም?» ብሎ ለመነ።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ሥራቸውን ጀመሩ።

በመጀመሪያ ያደረጉት በሩን በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብ ነበር። የባሕር ዳር ነፋስ የሚያመጣው ጨው ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ እንደ ሆነ፥ ጨው በላሜራው ላይ ተጭኖ ይቀራል። ኋላም ከቀለሙ ሥር እርጥበት እየሳበ እንደ ቃጠሎ ውኃ ያቋጥራል፤ ብረቱም ይዝጋል። ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ቀለም ፍቀው፥ ስርጕደቱን በስቱኮ ሞልተው፥ ዝገት መከላከያውን ሳይዘገዩ ቀቡ፤ እርጥበት ባለበት አየር ራቍቱን ያደረ ብረት ይዝጋልና።

ቀጥሎ አራት ትንንሽ የቈርቈሮ ቍራጮች አመጡ። ሁሉንም በነጩ ቀለም ከቀቡ በኋላ የሉሉን ድርብ በመጀመሪያው ላይ አንድ ጊዜ፥ በሁለተኛው ላይ ሁለት ጊዜ፥ እንዲህ እያሉ በአራተኛው ላይ አራት ጊዜ ነፉ፤ በላያቸውም ቬርኒሹን ደረቡ። በጥላ ውስጥ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመለየት አልቻልንም። በማግሥቱ ማለዳ ግን ከመኪናው ጎን ተደርገው በፀሐይ ሲታዩ ሦስተኛው ቢጫነት አወጣ። ሽማግሌው በዚህ አልረኩም፤ በቀትርና ወደ ማታም ደግመው አዩ። ጅቡቲ ከምድር ወገብ ብዙ የራቀች ስላልሆነች የቀትር ፀሐይ ከላይ ወደ ታች ስለምትወርድ የበሩን ገጽ በአግድም ብቻ ትዳስሰዋለች፤ የማለዳና የማታ ፀሐይ ግን ፊት ለፊት ትመታዋለች። በሦስቱም ሰዓት፥ ከፊትም ከጎንም ሲታይ፥ ከመኪናው ጋር የተስማማው ሁለተኛው ነበር። ዛሬ ቀለምን ከብዙ አቅጣጫ የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ፤ ይሁን እንጂ መሣሪያ የሚሰጠው ቅመም በቍራጭ ቈርቈሮ ላይ ሳይፈተን ወደ መኪናው አይሄድም።

ሥራው የተፈጸመው ነፋሱ ሳይነሣና ላሜራው ሳይግል በማለዳ ነበር። ሙቀት በበረታ ጊዜ ፈጥኖ የሚተን ቲነር ጥቅም የለውም፤ የቀለሙ ጠብታ ላሜራው ላይ ሳይደርስ ይደርቅና የሚካው ቅርፊቶች ሳይስተካከሉ ይቀራሉ። ስለዚህ ቀስ ብሎ የሚተነውን መረጡ፤ ከኮምፕሬሰሩም የተጠራቀመውን ውኃ አስቀድመው አፈሰሱ። ነጩን ቀለም በተጠገነው ስፍራ ብቻ ወስነው፥ የሉሉን ድርብ ግን እያሳሱ ወደ ፊተኛው በርና ወደ ኋለኛው ፓራፋንጎ ዘለቁት። ቬርኒሹንም በሦስቱም ክፍሎች ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ደረቡት። በዚህ አኳኋን አዲሱ ከአሮጌው ጋር የሚገናኝበት መስመር ይጠፋል፤ ዓይንም ልዩነቱን የሚይዝበት ድንበር አያገኝም።

አንድ ነገር በተለይ ደስ አሰኘኝ። ረዳታቸው የሆነው ወጣት አፉን በጨርቅ ብቻ ሸፍኖ ሲገባ ሽማግሌው ተቈጥተው መለሱት። ከቬርኒሹ ጋር የሚቀላቀለው ማጠንከሪያ አይሶስያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት። በአፍንጫ ሳይታወቅ ወደ ሳንባ ገብቶ የማይለቅ አስም ያስከትላል። የአቧራ ጨርቅ አያግደውም፤ ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ያስፈልጋል። ሽማግሌው አንድ እንዲህ ያለ ጭንብል ነበራቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጣ አድርገው ብቻቸውን ነፉ። ርካሽ ዋጋ የሚፈልግ ባለ መኪና ዋጋው ከማን ሳንባ ላይ እንደሚቀነስ ቢያስብ መልካም ነው።

በስድስተኛው ቀን መኪናው ወደ ፀሐይ ወጣ። እኔ በበኩሌ የትኛው በር እንደ ተጐዳ አስቀድሜ ባላውቅ ኖሮ ለመለየት አልችልም ነበር። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው፥ «ገዢዪቱ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁ። ባልደረባዬ ዝም አለ። አሥር ቀን ሙሉ የደከመው ልዩነቱ እንዳይታይ ነበር፤ አሁን ከቶ የማይታይ ስለ ሆነ መናገሩ ትርፉ ምን እንደ ሆነ አልታየውም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም በሐሳቡ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው ግን፥ «ቀለም የላሜራን ቍስል ይሸፍናል፤ የሰውን ቃል እንዲሸፍን ግን አልተሠራም» አሉት። ሁለተኛዪቱንም ቈርቈሮ አንሥተው በጀርባዋ የቀለሙን ቍጥርና የድርቡን ብዛት ጽፈው ሰጡት። ወደ ፊት ያ በር ዳግመኛ ቢፋቅ የሚቀባው ሰው ከየት እንደሚጀምር ያውቅ ዘንድ ነው።

መምህርቲቱ በማታ ፀሐይ መጥታ ነገሩን ሁሉ ሰማች። በበሩ አጠገብ ቍጢጥ ብላ ገጹን በአግድም አየችው፤ ቈርቈሮዋንም ከላሜራው ጋር አስተያየቻት። ከዚህ በኋላ ከተስማሙበት ዋጋ 20 ሺሕ የጅቡቲ ፍራንክ እንዲቀነስላት ጠየቀች፤ ተቀነሰላትም። ባልደረባዬ ያን ያህል ገንዘብ ማጣቱ ከብዶት ነበር፤ የታናሽ ልጁንም ክፍያ በሁለት ጊዜ ከፍሎ መፈጸም ግድ ሆነበት። ይሁን እንጂ መምህርቲቱ ቈርቈሮዋን ከመኪናው ወረቀቶች ጋር አኑራ፥ ቀሪውን ገንዘብ በማግሥቱ ጧት ቈጥራ አስረከበችው።

በጅቡቲ መኪናውን ለሚያስጠግን ሰው እንግዲህ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። ቍጥሩን ለቀለም ቀቢው ስጠው፤ የቈርቈሮ ፈተናውን ጠይቀው፤ በማለዳ፥ በቀትርና በማታ ሳታይ ገንዘብህን አትክፈል። ሠራተኛውም ጭንብል እንዳለው ተመልከት። ፈተናውን ያለፈችውን ቈርቈሮ ደግሞ ተቀብለህ አኑራት፤ መኪናውን የምትሸጥ እንደ ሆነም ከቍልፉ ጋር አብረህ አስረክብ።