ከጣሪያው በታች

ናይሮቢ መጥተህ የንጋራን ሰፈር ሳታይማ አትሄድም! እዚያ ያለው ሰፊ አዳራሽ ድሮ ሻን ሲኒማ ነበር፤ ዛሬ ሳራካሲ ዶም ሆኖ፣ ፊልም ይታይበት በነበረበት ቦታ የአክሮባት ልጆች ይገለባበጡበታል። ሰርከስ ኢትዮጵያን እያየን ላደግን ሰዎች እንዴት ደስ እንደሚል!

የዚህ ከተማ ዮጋም ቢሆን ከአክሮባት ጋር ዘመድ ነው። ፔጅ ኤለንሰን የምትባል አሜሪካዊት ለሳፋሪ መጥታ ወጣቶች በእጃቸው ሲቆሙ ታያለች፤ ሄዳ አብራቸው ቆመች። አፍሪካ ዮጋ ፕሮጀክት በ2007 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ከዚያ ትውውቅ ነው።

እኔም ዓመቱን በሁለቱ መሀል ከረምኩ፤ ጠዋት ምንጣፍ ላይ፣ ማታ ከጣሪያ በወረደ ጨርቅ ላይ። ሰው ጨርቅ መውጣት የክንድ ሥራ ይመስለዋል። እግር ነው እንጂ! ጨርቁን በአንድ እግርህ ውጪ አሳልፈህ ቁርጭምጭሚትህ ላይ ትጠመጥመዋለህ፤ በሌላኛው እግር ረግጠህ ስትቆልፈው ሸክሙ ከክንድህ ይወርዳል። መጀመሪያ ሰሞን የእግሬ ጀርባ ተልጦ ጫማ ማድረግ ጭንቅ ነበር፤ አሁን ቆዳው ጠንክሯል።

ተዘቅዝቄ ስንጠለጠል ደግሞ ጠዋት የተማርኩት ትንፋሽ ይደርስልኛል። በረጅሙ ሳስወጣ ትከሻዬ ይላላል፣ ወለሉም ያን ያህል አያስፈራም። በሥራ ቦታ ነገር ሲጠብቅብኝም እንዲሁ ማድረግ ለምጃለሁ፤ እናቴ በስልክ «ድምፅሽ ረጋ ብሏል» አለችኝ።

ቅዳሜ አብረን እንሂድ። ጉልበትህን የሚሸፍን ሱሪ ልበስ፤ ቀለበትህን ግን ቤት ተወው፣ ጨርቁን ይቀደዋል።