የደበዘዘችው ጀልባ

በዚህ ዓምድ ስለ ልጆች አመጋገብና ስለ ቤት አያያዝ ስናወጋ ቆይተናል፤ ዛሬ ግን የማወጋችሁ ስለ ጀልባ ነው። ሴትንና ጀልባን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ።

ታላቅ እህቴ ባሕር ዳር ትኖራለች። ባለቤቷ ባለፈው ዓመት ሲያርፍ፣ የጣናን ገዳማት የሚጎበኙ እንግዶችን ያመላልስባት የነበረችውን የፋይበርግላስ ጀልባ ትቶላት ሄደ። እሱ ታሞ ከተኛ ጀምሮ ጀልባዋ ሜዳ ላይ ውላ ስታድር ወዟ ጠፍቶ፣ እጅ ሲነካት እንደ ጠመኔ ትለቅ ነበር። ደላላው ይህን አይቶ የቁራሌ ዋጋ ጠራላት። ሦስት ልጆች አሏትና ልትሸጣት ተቃርባ ደወለችልኝ።

ሄድኩ። ጋራዥ የሚሠራ ጎረቤቷ እርጥብ ጨርቅ ጎኗ ላይ ቢያሳልፍ ቀለሟ ለጊዜው ተመለሰ። «የተቃጠለው ላዩ ብቻ ነው» አለን። ጄልኮት የሚሉት የላይኛው ሽፋን ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ፀሐይ ሲፈራረቅበት ዱቄት ይሆናል። ጣና ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነውና ፀሐዩ ይበረታል።

እንግዲህ በሳሙና አጠብናት። 800 ቁጥር፣ ቀጥሎም 1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት እየነከርን ፈተግናት። ደረቁን ከፈተጉት ብናኙ ለሳንባ ጠንቅ ስለሆነ፣ ብትሞክሩት ውሃ አይለያችሁ፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ከዚያ የመኪና ኮምፓውንድ፣ በመጨረሻም ሰም። አራት ቀን ፈጀብን፤ ክንዴን ዛሬም ያመኛል።

እኔማ አጥፍቻለሁ። አፍንጫዋ ላይ እልህ ይዞኝ አብዝቼ ብፈትግ የመስታወቱ ክር ብቅ አለ። እህቴ አልተቆጣችም፤ ዝምታዋ ግን ይበልጥ አሳፈረኝ። ጎረቤትዬው አዲስ ጄልኮት ቀብቶ ሸፈነልን፣ ጠባሳው ግን ይታያል።

በግራ ጎኗ ባለቤቷ በገዛ እጁ የጻፈው የመጀመሪያ ሴት ልጃቸው ስም አለ። ወረቀቴ እዚያ ሲደርስ እህቴ እጄን ያዘችው።

«እሱን ተይው» አለችኝ።

ዙሪያውን በፕላስተር ከልለን አለፍነው። አሁን ጀልባዋ ሁለመናዋ ሲያበራ ያቺ ቁራጭ ብቻ እንደደበዘዘች አለች።

በአምስተኛው ቀን ደላላው መጥቶ የፊተኛውን ዋጋ እጥፍ ጠራ። እህቴ ቡና አፈላችለት፤ ስለ ዋጋው ግን አንድም ነገር አልተነፈሰችም። ትልቁ ወንድ ልጇ የሞተሩን ካንዴላ ሊፈታ ቁልፍ እየፈለገ ነበር።