የእህቴ ገንዘብ፦ ለቪዛ ወይስ ለሱቅ?



ውድ የጀማዓችን እህትና ወንድሞች! ዘንድሮ የምንመረቅ ልጆች ስንገናኝ ወሬያችን ቶሎ ወደ አንድ ነገር ያመራል። ግማሻችን «የት አገር ልሂድ?» እንላለን፤ ግማሻችን «ምን ልክፈት?» እንላለን። ተመርቆ ቅጥር ሲጠብቅ ዓመት ያለፈው ወንድም ወይም እህት የሌለው ሰው በመካከላችን ጥቂት ስለሆነ ጥያቄው የምር ነው። እኔ ባለፉት ወራት ይህን ጥያቄ በወረቀትም በዱዓም ሳገላብጠው ቆይቼ ወስኛለሁ። ውሳኔዬ ለሁላችሁም ይሆናል አልልም። የደረስኩበት መንገድ ግን ተመሳሳይ ምርጫ ፊቱ ላለ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአማኑኤል ከተማ ነው። አባቴ አላህ ይዘንለትና ሸማኔ ነበር። እናቴ እሱ የሠራውን ነጠላና ጋቢ፣ በኋላም ድርና ማግ፣ ቀጥሎም ሳሙናና ስኳር እየጨመረች ትንሽ ሱቅ አቋቋመች። ይህ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። በቀድሞው ዘመን በደጋው አገር ሙስሊሙ የርስት መሬት ስላልነበረው ኑሮው ሽመናና ንግድ ነበር። በጣና አጠገብ የደሪጣ ነጋዴዎች፣ በእኛው በጎጃም ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ቡና፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ይመጣበት የነበረው የባሶ ገበያ ስማቸው የታወቀ ነው። «ነጋዴ» ማለት «ሙስሊም» ማለት እስኪመስል ድረስ የሁለቱ ስም አብሮ ይጠራ ነበር። ስለዚህ ሱቅ መክፈት ለእኛ «ሥራ አጥቶ የገባበት» የሚባል ነገር አይደለም። አገር ለአገር መዞርም ለነጋዴ ልጅ አዲስ ነገር አይደለም።

ታላቅ እህቴ ሰባት ዓመት ሙሉ ጂዳ በቤት ሠራተኝነት ቆይታለች። የእኔ ደብተር፣ የእናቴ መድኃኒት፣ የቤቱ ቆርቆሮ ከእሷ እጅ የወጣ ነው። ባለፈው ዓመት ደውላ እንዲህ አለችኝ፦ «ሦስት መቶ ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ለቪዛ ከሆነ ላንተ ቪዛ ይሁን፤ ለሱቁ ከሆነም ለሱቁ ይሁን። ሁለት ጊዜ ግን አልችልም። አስበህ ንገረኝ።» ጭንቀቴ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ገንዘቡ የእኔ ቢሆን ኖሮ ቢጠፋም የጠፋው የእኔ ነው። ይህ ግን የሰባት ዓመት ጉልበቷ ነው።

በሳዑዲ ያለ የእናቴ ዘመድ «ና፣ ሥራ አይጠፋም፤ ሒሳብ ተምረሃል፤ በወር ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሪያል ታገኛለህ» አለኝ። የተማርኩት አካውንቲንግ ስለሆነ ሁለቱን ምርጫዎች በወረቀት ላይ አስቀመጥኳቸው።

በውጭው በኩል፦ ለክፍል ኪራይና ለምግብ 1,100 ሪያል ቢወጣ 1,400 ይቀራል። አንዱን ሪያል በ33 ብር ባሰላው 46,200 ብር ነው። በሱቁ በኩል፦ በተጨመረው ካፒታል በቀን የ6,000 ብር ዕቃ ቢሸጥና በወር 26 ቀን ቢሠራ ሽያጩ 156,000 ይሆናል። ከመቶ 12 ቢተርፍ 18,720 ብር ነው። ከዚህ ላይ ኪራይ 4,000፣ ጭነትና ማውረጃ 3,500፣ ግብርና መብራት 1,200 ሲነሳ 10,020 ይቀራል። እሱም ከባለ ገንዘቧ እህቴ ጋር የምንካፈለው ነው። እኩል ብንካፈል ለእኔ የሚደርሰኝ አምስት ሺህ ብር ገደማ ነው።

አርባ ስድስት ሺህና አምስት ሺህ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ምን ያማርጥሃል?» ቢለኝ አልፈርድበትም። ውጭ መሄድን ሲያወግዙ ይህን ልዩነት የሚደብቁ ሰዎች ወጣቱን አያሳምኑትም። እውነቱን ካስቀመጥን በኋላ ግን ወረቀቱ ላይ ያልገባውን መጠየቅ አለብን።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ቪዛው ነው። ዘመዴ ያሰበልኝ «ፍሪ ቪዛ» የሚባለውን ነው። አንድ ሰው በስሙ ያስገባሃል፣ ለእሱ ግን አትሠራም፤ ወጥተህ ሌላ ቦታ ራስህ ሥራ ትፈልጋለህ። ሦስት መቶ ሺህ ብሩ የሚሄደው ለዚህ ነው። ይህ በሳዑዲ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ያስገባህ ሰው ሌላ፣ የምትሠራለት ሰው ሌላ ሆኖ ከተያዝክ ትባረራለህ። ደመወዙም በውል ላይ የተጻፈ ሳይሆን «ታገኛለህ» የሚል ተስፋ ነው። ስለዚህ 46,200 ያልኩት ቁጥር ፊርማ የሌለው ቁጥር ነበር።

ይህ ተራ ስጋት አይደለም። በ2006 ዓ.ል ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ሠራተኞች ስታስወጣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የተመለሱት በእጃቸው የያዙትን ሻንጣ ብቻ ይዘው ነው። ከዚያ በኋላ የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የኢንሹራንስ ወጪ የአሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት የምስክር ወረቀት ያለውን ነው። እንግዲህ አንድ ሰው «የቪዛ» ብሎ የአንድ ቤተሰብ ጥሪት ሲጠይቅህ፣ የሚሸጥልህ ሕጉ አሠሪው ይክፈል ያለውን ነገር መሆኑን እወቅ።

ሁለተኛ የጠየቅኩት ስለ ምንዛሪው ነው። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ል ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በውጭ ላለ ሰው ደመወዙ በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን የተቃረበ መሰለው። እህቴም ደስ ብሏት ነበር። ግን ያው ዶላር ነው ዘይቱን፣ ሳሙናውንና ጨርቁን የሚያመጣው። በሱቃችን የዕቃው ዋጋ ተከትሎ ወጣ። በብር የተቀመጠ ገንዘብ ሲሟሟ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ግን ዋጋውን ይዞ ቆየ። ይህን ሳይ፣ ገንዘቡ ለሱቅ ቢውል ዝም ብሎ ከሚቀመጥ የተሻለ እንደሚጠበቅ ተረዳሁ።

በሱቁ በኩል ያለውንም አደጋ አልሸሸግሁም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ል መጨረሻ ጀምሮ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ መኪና አይመጣም፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥ በሞባይል መክፈልና መቀበል ይቆማል። ዱቤም አለ። ክረምት ላይ የገበሬው እጅ ስለሚያጥር የዱቤ መዝገቡ ይወፍራል፤ አዝመራው ሲሰበሰብና የጥር ሠርግ ሲደርስ ይቀጥናል። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ናቸው። በጾማቸው ወራት ዘይትና ምስር ይሄዳል፣ ቅቤ ይቆማል፤ በእኛ ረመዳን ደግሞ ተምር ይፈለጋል። ይህን ወቅት የማያውቅ ሰው ገንዘቡን ዕቃ ላይ አስሮ ይቀመጣል። እናቴ ግን ይህን ሁሉ በጭንቅላቷ ይዛዋለች። አምስት ሺህ ብሩ ውስጥ ያልቆጠርኩት ሀብት እሱ ነው፤ በየትኛውም አገር ክፍል ውስጥ አይሰጥም።

በመጨረሻ ሁለቱን ምርጫዎች «ቢበላሽ ምን ይቀራል?» በሚለው መዘንኳቸው። ሱቁ ቢከስር ግማሹ ዕቃ ይቀራል፣ ሚዛኑ ይቀራል፣ ደንበኛው ይቀራል። የቪዛው ገንዘብ ከጠፋ የሚቀረው የእህቴ ስምንተኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ዓመት ነው።

ወደ ዲናችን ታሪክ ስመለስ ሁለቱንም መንገድ የሄደ ሰው አገኘሁ። ዐብዱራሕማን ቢን ዐውፍ (ረ.ዐ) እ.ኤ.አ በ615 ገደማ ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሐቦች አንዱ ነው። ኋላ ደግሞ ባዶ እጁን ወደ መዲና ሄደ። ሰዕድ ቢን ረቢዕ (ረ.ዐ) ሀብቱን እኩል ሊያካፍለው ሲያቀርብለት በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አድርጎ፣ የገበያውን መንገድ እንዲያሳዩት ብቻ ጠየቀ። አይብና ቅቤ በመነገድ ጀምሮ ብዙም ሳይቆይ ከራሱ ንግድ መህር ከፍሎ አገባ። ዲኑ ሲጠይቀው ባሕር ተሻገረ፤ ገበያው ቅርብ ሲሆን በቅቤ ጀመረ። ከአገር መውጣትም ሆነ መቆየት በራሱ ክብርም ውርደትም እንዳልሆነ ከእሱ ተማርኩ። ሰውየው በሁለቱም ቦታ የሚጠይቀው ሪዝቁ በየት በር እንደሚመጣ፣ በሩም ሐላል መሆኑን ነበር።

ኢስቲኻራ ሰገድኩ። ኢስቲኻራ ግን ከመመካከር አያድንም፤ ስለዚህ መልሼ ለእህቴ ደወልኩ። ከዚያ በፊት ጠይቄያት የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቅኋት፦ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» ትንሽ ዝም ብላ «ሁለት ዓመት ሠርቼ መግባት እፈልጋለሁ። ግን ስገባ ምን ላይ እቀመጣለሁ?» አለች። ጉዳዩ ያኔ ለየልኝ። ቪዛው እኔን ወስዶ እሷን እዚያው ያቆያል። ሱቁ ደግሞ ለእኔ መነሻ፣ ለእሷ መመለሻ ይሆናል።

እናም ስምምነታችንን በሙዳረባ አደረግነው። ገንዘቡ የእሷ ነው፣ ሥራው የእኔ ነው። ትርፉን እኩል እንካፈላለን። በየወሩ ይህን ያህል ብር ብሎ መቁረጥ አይቻልም፤ የሚወሰነው የትርፍ ድርሻ ነው። ያለ ጥፋቴ ኪሳራ ቢመጣ ከካፒታሏ ይሄዳል፣ የእኔም ድካም ከንቱ ይሆናል። ብዙዎቻችን «ከእህት ጋር ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» እንላለን። ከቁርኣን አያዎች ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዕዳን ስለመጻፍና ምስክር ስለማቆም መውረዱን እናስታውስ። እኛም ጻፍነው፤ ሁለት ሰው መሰከረበት። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ከመላካቸው በፊት በእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ወደ ሻም ነግደዋል። ሴት ባለ ካፒታል፣ ወንድ ሠራተኛ መሆኑ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ቤተሰብ ውስጥ ገንዘብ የሌለው ሰው ሌላም በር አለው። በ2013 ዓ.ል ዘምዘም ባንክ፣ ቀጥሎም ሂጅራ ባንክ ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ይሸጥልሃል። ማስያዣ መጠየቃቸው ለእኛ ለጀማሪዎች ከባድ ነው፤ ሆኖም ሳይጠይቁ «አይሆንም» ከማለት ሄዶ መስማት ይሻላል። ሱቅ የከፈተ ደግሞ ዘካን አይርሳ። ሀብቱ ኒሷብ ከሞላና የሂጅራ ዓመት ከዞረበት፣ ያለውን ሸቀጥ በዕለቱ የገበያ ዋጋ ገምቶ ከመቶ ሁለት ተኩል ያወጣል። ይህ ቆጠራ ለዱንያውም ይጠቅማል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ዕቃውን በትክክል የሚቆጥር ነጋዴ ትርፉንና ክስረቱን ያውቃል።

አንድ የክፍሌ ልጅ ግን ዶሃ ሄዷል፤ ደግ አደረገም እላለሁ። ውሉ የተጻፈ ነው፣ አሠሪው ቪዛውንና ትኬቱን ከፍሏል፣ ሥራው የተማረው ሙያ ነው፣ ለቤተሰቡም ዕዳ ሳይጥል ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ውል ለእኔም ከሁለት ዓመት በኋላ ቢመጣ፣ እህቴም ሱቁ ውስጥ ከገባች፣ መልሼ አስብበታለሁ።

ስለዚህ ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን በወረቀት መልሱ፦ የምታወጡት ገንዘብ የማን ነው? ደመወዙ በፊርማ ነው ወይስ በወሬ? ቢበላሽ ምን ይቀራል? ሶላታችሁና ሐላላችሁ የት ይጠበቃል? እናንተ ስትሄዱ ወይም ስትቆዩ ማን ይመለሳል፣ ማንስ ይቀራል? የመጨረሻውን ጥያቄ ለራሳችሁ ብቻ አትመልሱት፤ ገንዘቡን ላጠራቀመው ሰው ደውላችሁ ጠይቁ።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና በረካ ያድርግልን፤ በባዕድ አገር ያሉ እህቶቻችንንም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።